ማስተካከያ፦ ዴሊ የጠበቀው ኬንያዊውን ቦይትን ነው

«የኖርዌዩ የበረዶ ሸርተቴ ጀግና ቢዮርን ዴሊ በናጋኖ ኦሎምፒክ ኢትዮጵያዊውን ሮቤል ተክለማርያምን ጠብቆ አቀፈው» የሚል ጽሑፍ ሰሞኑን እየተዘዋወረ ነው። ስህተት ነው። ዴሊ ያቀፈው ኬንያዊውን ፊሊፕ ቦይትን ነው።

በኦሎምፒክ የውጤት መዝገብ መሠረት ዴሊ በ1998 እ.ኤ.አ. የ10 ኪሎ ሜትሩን ውድድር በ27 ደቂቃ ከ24 ሰከንድ አሸነፈ። ቦይት ከእሱ 20 ደቂቃ ዘግይቶ፣ ከሁሉም መጨረሻ ገባ። ሻምፒዮኑ ግን እዚያው ቆሞ ጠበቀው። ቦይትም በኋላ ልጁን «ዴሊ» ብሎ ሰየመው። እንዴት ደስ ይላል!

ሮቤል በክረምት ኦሎምፒክ የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ የሆነው በ2006 እ.ኤ.አ. ቱሪን ላይ ነው። ያኔ ዴሊ ውድድር ካቆመ ቆይቷል። ጽሑፉን ያጋራችሁ ስሙንና አገሩን አስተካክሉ፤ ሁለቱም የየራሳቸው ታሪክ አላቸው። ዴሊ 8 ወርቅን ጨምሮ 12 የኦሎምፒክ ሜዳሊያ አለው የሚለው ግን ልክ ነው።