ሲቲ ፖፕ የሎቢ ሙዚቃ አይደለም፣ ቤዙን ስሙት

ባለፈው አንድ ጓደኛዬ መኪና ውስጥ የከፈትኩትን ዘፈን ሁለት ደቂቃ ያህል ሰማና "ይሄ እኮ የሆቴል ሎቢ ሙዚቃ ነው" አለኝ። ዘፈኑ የሚኪ ማትሱባራ "ማዮናካ ኖ ዶአ" ነበር፣ የእኩለ ሌሊቱ በር እንደማለት፣ ብዙ ሰው "ስቴይ ዊዝ ሚ" በሚለው ነው የሚያውቀው። መንገዱ ተዘጋግቶ ስለነበር ያኔ አልተከራከርኩትም፣ አሁን ግን ቁጭ ብያለሁ።

ለማያውቅ ሰው ባጭሩ፣ ሲቲ ፖፕ ከ1970ዎቹ አጋማሽ እስከ 80ዎቹ መጨረሻ (አመቶቹ በሙሉ በፈረንጅ ናቸው) ጃፓን ውስጥ የተሰራ የከተማ ፖፕ ነው፣ የአሜሪካ ሶልና ፈንክ፣ ትንሽ ዲስኮ፣ ትንሽ ጃዝ፣ በጃፓንኛ። ሶኒ ዎክማንን 1979 ላይ አወጣ፣ መኪናውም ውስጥ ካሴት ገባ፣ ሰው ሙዚቃን እየሄደ መስማት ጀመረ፣ እና ዘፈኖቹም እንደዛው የሚሄዱ ናቸው። አንድ ነገር ግን ላርም። ኢንተርኔት ላይ ሁሌ "የጃፓን የባብል ዘመን ሙዚቃ" ይሉታል፣ ያ የመሬትና የአክሲዮን ዋጋ ያበደበት ጊዜ ግን የመጣው ከ1985ቱ የፕላዛ ስምምነት (አሜሪካ፣ ጃፓንና ሌሎች ሀብታም አገሮች የዶላርን ዋጋ ለማውረድ የተስማሙበት) በኋላ ነው፣ ለኔ ምርጥ የሚባሉት ዘፈኖች ደግሞ ሁሉም ማለት ይቻላል ከዛ በፊት ተሰርተው አልቀዋል። ስለዚህ ሙዚቃው ገንዘብ ያሰከረው ሰው ድምፅ አይደለም፣ ስራውን ጠንቅቆ የሚያውቅ ሰው ድምፅ ነው።

ወደ ማትሱባራ ልመለስ። ዘፈኑ የወጣው ህዳር 1979 ነው፣ ልጅቷ ገና 20 አልሞላትም፣ ዜማው የቴትሱጂ ሃያሺ፣ ግጥሙ የዮሺኮ ሚዉራ ነው። ጓደኛዬ ሎቢ ያለው ዘፈን ምን እንደሚል ታውቃላችሁ? ሰውየው የለበሰው ግራጫ ጃኬት ላይ የቡና ጠብታ አለች፣ ሴትዮዋ ያቺን ጠብታ ታውቃታለች። በቃ፣ ከአንድ የቡና እድፍ ስንት ጊዜ አብረው እንደኖሩ ገባን። ከዛ ሁለተኛው ክረምት ይመጣል፣ የሱ ልብ ይርቃል፣ እሷ በሩ ላይ አትሂድ ብላ ታለቅሳለች፣ ብቸኝነቷን ለመርሳት ሸክላ ላይ መርፌ ታስቀምጣለች፣ መርፌው ያንኑ ዜማ ይደጋግማል። ይሄን ሁሉ ደግሞ የምትነግረን ሊያስጨፍር ምንም በማይቀረው ሪትም ላይ ሆና ነው። ልቅሶ በጭፈራ ምት የሚለውን ነገር እኛ ለሌላው ማስረዳት የለብንም አይደል፣ ስንቱ ትዝታ ሰርግ ቤት ሲጨፈርበት አይተናል።

ይሄ ዘፈን 41 አመት ቆይቶ ነው አለምን የዞረው። 2020 ላይ ሬይኒች የምትባል የኢንዶኔዥያ ልጅ ዘፈነችው፣ ቲክቶክ ላይ ደግሞ ልጆች ጃፓናዊ እናቶቻቸው ፊት ድንገት እየከፈቱ እናቶቹ ሲደነግጡና አብረው ሲያዜሙ ይቀርፁ ነበር፣ በዛው አመት ታህሳስ ስፖቲፋይ ላይ የአለም ቫይራል ዝርዝር አናት ላይ ወጣ። ማትሱባራ ግን አላየችውም። 2004 ላይ በካንሰር ሞታለች፣ 44 አመቷ ነበር። እኔን ይሄ ነገር ሁሌ ይከነክነኛል።

"ፕላስቲክ ላቭ"ን ሁላችሁም ስለሰማችሁት ብዙ አልልም። የማሪያ ታኬውቺ ነው፣ 1984 "ቫራይቲ" አልበሟ ላይ የወጣ፣ ቅንብሩ የባሏ የታትሱሮ ያማሺታ። በጊዜው በሲንግል ሲወጣ 10 ሺህ አካባቢ ብቻ ነው የተሸጠው። 2017 ላይ አንድ ሰው ዩትዩብ ላይ ጫነው፣ አልጎሪዝሙ ወደደው፣ የቀረውን ታውቁታላችሁ። ያቺ የምትስቅበት ጥቁርና ነጭ ፎቶ እንኳን የዘፈኑ አይደለችም፣ ከ1980 ሌላ ሲንግሏ ሽፋን የተወሰደች ናት። ሳቋን አይቶ ደስ የሚል የፍቅር ዘፈን የመሰለው ሰው ብዙ ነው፣ ዘፈኑ ግን ተጎድታ ከዛ በኋላ ፍቅርን እንደ ጨዋታ ስለያዘች፣ ከልቧ ላለመውደድ ስለወሰነች ሴት ነው።

አሁን ርዕሱ ላይ ያልኩት ቤዝ፣ ያ ከስር ወፍራሙን ድምፅ የሚያወጣው ጊታር። ያማሺታን የማያውቅ ሰው 1982 ካወጣው "ፎር ዩ" አልበም የመጀመሪያውን ዘፈን "ስፓርክል"ን ይስማ። ያ መክፈቻ ላይ ጊታሩን ክትፍ ክትፍ የሚያደርገው ራሱ ያማሺታ ነው፣ ከዛ የጁን አኦያማ ድራምና የኮኪ ኢቶ ቤዝ ሲገቡ መስኮት የተከፈተ ነው የሚመስለው። ሁለቱ "ፕላስቲክ ላቭ" ላይም አሉ። ድጋሚ ስትሰሙት ድምጿን ትታችሁ ኢቶን ብቻ ተከተሉት፣ ልጅቷ ደህና ነኝ እያለች የምትዋሸውን እሱ ከስር ሆኖ ያጋልጣታል። አንድ ማስጠንቀቂያ፣ ያማሺታ ስትሪሚንግ አይወድም፣ አልበሞቹን ስፖቲፋይ ላይ ፈልጋችሁ አትድከሙ፣ ሰውየው 2023 ላይ የድሮዎቹን መልሶ ያወጣቸው በሸክላና በካሴት ነው።

ኦኑኪ ታኤኮን ደግሞ ሰው ለምን እንደሚያልፋት አይገባኝም። ከያማሺታ ጋር "ሹገር ቤብ" የሚባል ባንድ ነበራቸው፣ 1975 አንድ አልበም አውጥተው ተበተኑ። 1977 "ሰንሻወር"ን ስትሰራ ሪዩዊቺ ሳካሞቶ አቀናበረላት፣ ድራም ላይ ክሪስ ፓርከር ከአሜሪካ መጣ። ድምጿ ቀጭን ነው፣ አይጮህም፣ መጀመሪያ ቀን ላትወዷት ትችላላችሁ። የ1978ቱን "ፎር ኤ ኤም" ግን ሌሊት ብቻችሁን ሆናችሁ ሞክሩት። ከዘፋኟ ከአንሪ "ላስት ሰመር ዊስፐር"ን ጨምሩ፣ 1982። ቶሞኮ አራንን ሳታውቁ ሰምታችኋታል፣ የዊኬንድ "አውት ኦፍ ታይም" የተሰራው ከሷ የ1983 ዘፈን "ሚድናይት ፕሪቴንደርስ" ላይ ነው። አዎ የኛው አቤል፣ ከቶኪዮም ተበድሯል።

የአሁኖቹስ? እውነት ለመናገር አብዛኛው የሚቀዳው ሮዝ መብራቱንና የካሴት ጩኸቱን ነው፣ ሲንት (ሲንተሳይዘር፣ የኤሌክትሮኒክስ ኪቦርድ) ደርበውበት፣ የአኒሜ ምስል ለጥፈውበት፣ ተጫዋች የሌለበት ሙዚቃ ይሆናል፣ ለሱ ከሆነ ጓደኛዬ ልክ ነው። ሰችሞስ የሚባለው የጃፓን ባንድ ልጆች ግን ተጫዋቾች ነበሩ፣ የ2016ቱ "ስቴይ ቲዩን" ቤዙ ብቻውን ይበቃል፣ ቤዚስታቸው 2021 ላይ ሞተ። ጂንጀር ሩት የሚባለው የካሊፎርኒያ ልጅም የምር ይጫወታል፣ "ሎሬታ"ን ስሙለት። እሱ ሙዚቃውን "ቁጡ የአሳንሰር ሶል" ነው የሚለው፣ ይህቺን ለጓደኛዬ እንዳትነግሩብኝ።

ሌላው አገር ሰው መጥቶ ስላገኘው ብቻ ሙዚቃው ፋሽን ነው የሚሉም አሉ። ኃይሉ መርጊያ 1985 የሰራት የአኮርዲዮንና የሲንት ካሴት 2013 ላይ በውጭ ሰው እንደገና ስትታተም እሱ ዋሽንግተን ታክሲ ይነዳ ነበር። ካሴቷ ያን ቀን አይደለም ጥሩ የሆነችው።

ለጓደኛዬ ትናንት ማታ "ፎር ኤ ኤም"ን ላኩለት፣ ምንም ሳልፅፍ። ሌሊት 9 ሰአት ከሩብ ላይ "ይሄን ቤዝ የሚጫወተው ማነው?" ብሎ መለሰልኝ።