ማስተካከያ፦ ፓይዴ በ2020 የሊግ ሻምፒዮን አልነበረም

ሰሞኑን በስፋት የተሰራጨ አንድ ጽሑፍ፣ በመካከለኛው ኢስቶኒያ የምትገኘው የትንሿ ፓይዴ ከተማ ክለብ ፓይዴ ሊናሜስኮንድ እ.ኤ.አ. በ2020 የሀገሪቱን ሊግ እንዳሸነፈና በቻምፒየንስ ሊግ ማጣሪያ እንደተሳተፈ ይገልጻል፤ ሁለቱም ትክክል አይደሉም። የኢስቶኒያ እግር ኳስ ማኅበር የውድድር መዝገብ እንደሚያሳየው የዚያ ዓመት ሻምፒዮን የታሊኑ ፍሎራ ሲሆን፣ ፓይዴ ሁለተኛ ሆኖ አጠናቋል፤ ለዚያች ከተማ ይህም ቀላል ውጤት አይደለም። ክለቡ ዋንጫ ያነሳው በ2022 በጥሎ ማለፍ ውድድር፣ በፍጻሜው ኖሜ ካልዩን አሸንፎ ነው።

ከኢስቶኒያ ወደ ቻምፒየንስ ሊግ ማጣሪያ የሚገባው የሊጉ ሻምፒዮን ብቻ በመሆኑ፣ ፓይዴ በ2021ም ሆነ በ2022 የተጫወተው በኮንፈረንስ ሊግ (በአውሮፓ ክለቦች ሦስተኛ ደረጃ ውድድር) ማጣሪያ ሲሆን፣ መጀመሪያ በፖላንዱ ሽሎንስክ ቭሮጽዋፍ፣ በቀጣዩ ዓመት ደግሞ በቤልጂየሙ አንደርሌክት ተሸንፎ ከውድድሩ ወጥቷል።