ጡቡ ተርፏልና ደስ ይበላችሁ

አሮጌ ፋብሪካ እያደሱ ለመኖሪያና ለካፌ የሚያከራዩ አልሚዎችን የማይወድ ሰው ካለ ልቡን ይመርምር። እነሱ ባይኖሩ ታሪክን እንዲህ ተወልውሎ፣ ሽቶ ሽቶ እየሸተተ፣ ወር በገባ ቁጥር ኪራይ ሲያስገባ የት እናይ ነበር?

አሜሪካ ውስጥ ያለችውን የሚሺጋኗን ካላማዙን እንውሰድ። ፓርሰንስ ጎዳና ላይ በ1917 (ዘመኑ ሁሉ በፈረንጅ ነው) የተሠራው የጊብሰን ጊታር ፋብሪካ አለ። ኤል-5፣ ኢኤስ-150፣ በ1952 ደግሞ ሌስ ፖል የሚባሉት ዝነኛ የጊታር ሞዴሎች የተወለዱት እዚያ ነው። ጊታር የሚወድ ሰው የጡብ ጭስ ማውጫውን እንደ ደብር ሊሳለመው ምንም አይቀረው።

በ1984 ጊብሰን በሩን ዘግቶ ሥራውን ጠቅልሎ ናሽቪል የሚባል ከተማ ገባ። በዚህ ማንም እንዳያዝን። የሞተ ልጅ አንገቱ ረጅም ነው ይባል የለ? አንድ ፋብሪካ ቅርስ እንዲሆን መጀመሪያ ሠራተኛው መበተን አለበት። ሥርዓቱ እንዲህ ነው።

ካላማዙ ላይ ግን ሥርዓት የማያውቁ ሰዎች ተገኙ። ጂም ደርሉ፣ ማርቭ ላምና ጄ ፒ ሞትስ የሚባሉ የጊብሰን ሰዎች “ናሽቪል አንሄድም” አሉ። አሮጌዎቹን ማሽኖች ገዙና በ1985 እዚያው ሕንፃ ውስጥ ሄሪቴጅ ብለው ጊታር መሥራታቸውን ቀጠሉ። ይታያችሁ፣ በታሪካዊ ቤት ውስጥ ሥራ! ሰጋቱራው፣ የቫርኒሹ ሽታ፣ የመጋዙ ጩኸት። ለጎብኚ ፎቶ እንኳ አይመችም።

የቴነሲ ግዛቷ ሜምፊስ ሰዎች ይሻላሉ። እዚያ የጊብሰን ፋብሪካ የነበረው ሕንፃ የዕቃ አመላላሹ የፌዴክስ ሎጂስቲክስ ዋና ቢሮ ሆኗል። አሁን ጊታር በዚያ ካለፈም ታሽጎ፣ አድራሻ ተለጥፎበት ነው። ጸጥታ እንዲህ ነው የሚከበረው።

የአልሚዎቹን የኮምፒውተር ሥዕል ደግሞ አለማድነቅ አይቻልም። ከተማው የትም ይሁን፣ ሥዕሉ ላይ ሁሌ ፀሐይ ነው። ሚሺጋን ውስጥ በረዶው ጉልበት ድረስ ቢመጣም እዚያ ዛፉ ለምለም ነው። ብስክሌት የያዘ ወጣት አለ። ቡና የያዘች ወጣት አለች። አንድ ውሻ አይጠፋም። የሚጠፋው የሰፈሩ ሰው ነው። ፋብሪካው ያለበት ኖርዝሳይድ የጥቁር አሜሪካውያን ሰፈር ሆኖ ስንት ዘመን ቆይቷል። እንዲህ ያለ ሰፈር ግን “ተገኘ” የሚባለው ካፌ ሲከፈትበት ነው። እዚያው ተወልደው ያረጁት እስከዚያ ድረስ ጠፍተው ነበር ማለት ነው።

አይመካከሩም ብሎ የሚያማቸውም አለ። ሐሜት ነው! የልማት ወግ በሚያውቅ ከተማ ሁሉ ነዋሪው አዳራሽ ይጠራል፣ ብስኩት ይቀርብለታል፣ ክብ ክብ ተለጣፊ ወረቀት ይሰጠዋል። “አግዳሚ ወንበር ትመርጣላችሁ ወይስ የአበባ መደብ?” በሚለው ሰሌዳ ላይ እየሄደ ይለጥፋል። ኪራዩ ስንት ይገባል የሚለው ግን ሰሌዳው ላይ የለም። አንዲት እናት እጃቸውን አውጥተው ቢጠይቁ “በጣም ጥሩ ጥያቄ ነው” ይባላሉ። ከዚህ በላይ ምን ክብር አለ?

ለሠራተኞቹም ቦታ አይታጣም። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ወንዶቹ ሲዘምቱ የካላማዙን ጊታሮች በአብዛኛው የሠሩት ሴቶች ነበሩ። የዚያን ጊዜ ደመወዛቸውና ስማቸው እምብዛም አይነሳም። ፎቷቸው ግን በጥቁርና ነጭ በትልቁ ታትሞ አሳንሰሩ አጠገብ ቢሰቀል እንዴት ያምራል! የልጅ ልጆቻቸው ኪራዩን ከቻሉ በየቀኑ ያዩታል።

የቀረው የአዲሱ ተከራይ ደብዳቤ ብቻ ነው። “ጥንታዊ የጊታር ፋብሪካ ውስጥ መኖር ሁሌም ሕልሜ ነበር። ነገር ግን ከታች ያለው ሰውዬ ከጠዋት ጀምሮ እንጨት ይልጋል። በአስቸኳይ አንድ ነገር ይደረግልኝ።”