ይድረስ በክብሪት ቀፎ ውስጥ ለሚገኙት ክቡር የጠርሙስ ስባሪ

ቀን፦ ሰኞ ማታ
ጉዳዩ፦ የመቻልን የግራ የፊት እግር ይመለከታል

ክቡርነትዎ፣

በቅድሚያ የከበረ ሰላምታዬ ይድረስዎ። ቀፎው ጠበበዎት? ይታገሱ። ከትናንት ጀምሮ የሚኖሩት ጠረጴዛዬ ላይ ነው፤ ከተረፉ ስድስት የክብሪት እንጨቶች ጋር። ከዚያ በፊት አንድ ሰዓት ያህል በውሻዬ መዳፍ ውስጥ ነበሩ። ከዚያ በፊት ደግሞ ግሮሰሪው ፊት ለፊት፣ ኮብልስቶኑ ላይ። በሁለት ቀን ሦስት ቤት። አዲስ አበባ ውስጥ ለተከራየ ሰው ይህ ምንም አያስገርምም።

ውሻዬ መቻል ይባላል። ከኳስ ቡድኑ ጋር ዝምድና የለውም። ስሙን ያወጣችለት እናቴ ናት፤ መልእክቱ ለማን እንደሆነ ጎረቤት ያውቃል።

ቅዳሜ ማታ ትልቅ ጨዋታ ነበር። ስለዚህ እሑድ ጠዋት እርስዎና ወንድሞችዎ መንገዱን ሞልታችሁታል። መቻል ከፊት ከፊት እየተንጎራደደ ሄዶ ሄዶ ድንገት ቆመ። አልጮኸም። እግሩን አንሥቶ አየኝ፣ እሱ ያጠፋ ይመስል። ድንጋዩ ላይ አራት የደም ጠብታ። መዳፉን ገልበጥ ሳደርገው ከጥቁሩ ወፍራም ቆዳ ጥግ አረንጓዴ ነገር ብልጭ አለ። እርስዎ ነዎት። እንዲህ ተዋወቅን።

27 ኪሎ ነው የሚመዝነው። በጃኬቴ ጠቅልዬ አቀፍኩት። ቅዳሴ ያበቃበት ሰዓት ስለነበረ መንገዱ በነጠላ ነጥቷል። አንዲት እናት የደም ጠብታ ጫማዬ ላይ አይተው ደነገጡና ቀረቡ። አፋቸውን በነጠላ ሸፍነዋል፤ ቆርበዋል ማለት ነው። በዓይናቸው ብቻ «ልጁ ምን ሆነ?» አሉኝ። የጃኬቱን ጫፍ ገለጥ ሲያደርጉ መቻል እጃቸውን ላሰ። ከዚያ በኋላ የሆነውን አላየሁም፤ እየሮጥኩ ነበር።

ይህ ግን ምንም አይደለም። ዋናው መድኃኒት ቤቱ ነው።

መቻልን ለእናቴ ትቼ ወጣሁ። ስባሪው ላይ ሳይሆን ዙሪያውን በንጹሕ ፎጣ ያዝ አድርጋዋለች። መድኃኒት ቤት ስደርስ ሰልፍ። እሑድ ክፍት የሆነው እሱ ብቻ ስለሆነ ሰፈሩ በሙሉ እዚያ ነው። ተራዬ ሲደርስ ከኋላዬ ስድስት ሰው ቆሟል። አንደኛው የመሥሪያ ቤታችን ጥበቃ ነው።

«ጎዝ፣ ፋሻ፣ አዮዲን፣ መርፌ የሌለው ሲሪንጅ» አልኩ።

«ምን ሆኖ ነው?» አለች መድኃኒት ሻጯ ልጅ።

«ጠርሙስ ወግቶት።»

«ውይ! ስም?» ደረሰኙን ከፍታለች።

«መቻል።»

«የአባት?»

ክቡርነትዎ፣ እዚህ ጋ መዳን እችል ነበር። «እህቴ፣ ውሻ ነው» ብል አለቀ። ግን ሰልፉን አየሁ። ጥበቃውን አየሁ። የራሴን ስም ሰጠሁ።

«ዕድሜ?»

«አራት።»

«ኪሎ?»

«27።»

እስክሪብቶዋ ቆመ። ቀና ብላ ከላይ እስከ ታች አየችኝ። «በአራት ዓመቱ? ምንድን ነው የምታበሉት?»

«ያው… ከእኛ የተረፈውን።»

ከኋላዬ አንዲት ሴት «እግዚኦ!» አለች። ሌላዋ «ዘንድሮ ወላጅ ጠፋ» አለች። ልጅቷ ዝም ብላ ማስታገሻ ሽሮፕ አወረደች፣ ሮዝ ቀለም ያለው፣ የሕፃናት ፓራሲታሞል። በኪሎው አስልታ መጠኑን ካርቶኑ ላይ ጻፈችልኝ። ከዚያ በደግነት ድምፅ ጠየቀችኝ፦ «ክትባቱንስ ጨርሷል?»

ቢያንስ በዚህ አልታማም ብዬ ደረቴን ነፋሁ። «አዎ! የእብድ ውሻ በሽታውን በየዓመቱ ነው የምናስከትበው።»

ዝም አለ። ሰልፉ ሁሉ ዝም አለ። ከውጪ የታክሲ ረዳት ሲጣራ ይሰማል።

«ውሻ ነው?» አለች።

«ውሻ ነው» አልኩ።

ሳቁን አልተርክልዎትም። ሽሮፑን ከእጄ ቀማችኝ፤ በዚህ አመሰግናታለሁ። በኋላ ጓደኛዬ በስልክ ሲያስረዳኝ ነው ላብ ያጠመቀኝ። ቢሾፍቱ የእንስሳት ሕክምና የተማረ ነው። ፓራሲታሞል፣ አይቡፕሮፌን፣ ዳይክሎፌናክ፣ ለእኛ ራስ ምታትና ወገብ የምንውጠው ሁሉ የውሻን ጉበት፣ ኩላሊት፣ ጨጓራ ይጎዳል። ሐኪሙ ሳያዝ አንዲት ጠብታ አይሰጥም። እኔ ሰልፍ አፍሬ የራሴን ስም ስሰጥ፣ ዕዳውን መቻል በጉበቱ ሊከፍል ነበር።

ደረሰኙ ይስተካከል አልኩ። አንዴ ከተቆረጠ አይሰረዝም ተባልኩ። ስለዚህ በሕጋዊ ሰነድ አባት ነኝ። ዛሬ ጠዋት የመሥሪያ ቤቱ በር ላይ ጥበቃው ከወንበሩ ተነሥቶ፣ ኮፍያውን አውልቆ፣ «እንኳን ማርያም ማረቻችሁ» አለኝ።

ሐኪም ቤት ለምን አልወሰድከውም ይሉኝ ይሆናል። የጠራሁት ታክሲ መጥቶ፣ አይቶ፣ «ወንበሬ!» ብሎ ሄደ። ጓደኛዬም በስልክ ልክ ልኩን ነገረኝ፦ ጫፉ ከታየህና በቀላሉ ከመጣልህ አውጣው። ጠልቆ ከገባ እንዳትነካካው። ካወጣኸው በኋላ ተጭነህ ያዘው፤ ደሙ በ10፣ በ15 ደቂቃ ካልቆመ፣ በእግርህም ቢሆን ተሸክመህ አምጣው።

ከዚህ በኋላ ያለውን ምስክር ነበሩና ከተሳሳትኩ ያርሙኝ። የልብስ ማጠቢያ ሳፋ ቀረበ። ውኃው ፈልቶ ለብ ብሏል፤ በግማሽ ሊትሩ አንድ የሻይ ማንኪያ ጨው። እናቴ ጭንቅላቱን ያዘች፣ እኔ እግሩን። አፉን በፋሻ ላላ አድርገን አሰርነው። የማይናከስ ውሻ ሲያመው ይናከሳል፣ ባለቤቱንም ቢሆን። ወረንጦዋ የእህቴ ናት፣ ለቅንድብ የተገዛች። በአልኮል ጠራረግኳትና ጎንበስ አልኩ። መቻል ዓይኑን ጨፈነ። እኔም ልጨፍን ነበር። ሳብ ሳደርግዎ ሳይታገሉ ወጡ። ሳፋው ጠርዝ ላይ ሳስቀምጥዎት «ቅጭ» አሉ። የስንዴ ፍሬ እንኳን አያክሉም። እናቴ መነጽሯን አድርጋ ቀረብ ብላ አየችዎትና «ይኼ ነው?» አለች። ብቻ።

ደሙ እስኪቆም በጎዝ ተጭኜ ያዝኩት። ቀጥሎ በሲሪንጅ የጨው ውኃ እየረጩ ማጠብ ነው፣ አሸዋው እስኪወጣ። በዚህ መሐል የጎረቤታችን እትዬ ከአጥር ማዶ «ቡና ድፉበት!» አሉ። የተፈጨ ቡና። ክቡርነትዎ፣ ቡናው ቁስሉን ያቆሽሸዋል፤ ውሻው ይልሰዋል፤ ካፌይን ደግሞ ለውሻ መርዝ ነው። በዚያ ላይ የቡናን ዋጋ እያወቁ! ባላቸው አረቄ ይዘው መጡ። አረቄ ቁስል ላይ ሲፈስ ጤነኛውንም ሥጋ ያቃጥላል። ስለዚህ ለታካሚው አባት ተሰጠ።

አዮዲኑን ቀጭን ሻይ እስኪመስል በውኃ አቅጥኜ ቀባሁ። በጣቶቹ መሐል በደንብ አደረቅኩ፣ ጥጥ ወሸቅኩ፣ ጎዝ፣ ከዚያ ፋሻ። ማጥበቅ የለም፤ ጣቶቹ ካበጡ ወይ ከቀዘቀዙ ተፈትቶ እንደገና ይታሰራል። ከላይ የእህቴ ልጅ ካልሲ። ውጪ ሲወጣ ብቻ ፌስታል፣ ሲመለስ ወዲያው ይወልቃል። ውሻ የሚያልበው በመዳፉ ነውና ፌስታል ውስጥ ከዋለ ቁስሉ ይበሰብሳል። በየቀኑ ይቀየራል። ከሸተተ፣ መግል ከያዘ፣ ወይም በሁለት በሦስት ቀን እግሩን መሬት ካላስነካ፣ ሐኪም ጋ።

እንዳይልሰው ደግሞ የአሮጌ ባልዲ ቂጥ ቆርጬ፣ ጠርዙን በፕላስተር ሸፍኜ አንገቱ ላይ አጠለቅኩለት። በሩን ይመታል፣ ረከቦት ይገለብጣል። የሰፈሩ ልጆች አይተው «መቻል ዲሽ አስገባ! ስንት ቻናል ይይዛል?» አሉ። እሱ ግን በዲሹ ውስጥ ሆኖ የሚያየኝ አስተያየት አለ። ያንን አልገልጽልዎትም።

አሁን አንቱታውን ላፍታ ላቁም። ከእርስዎ ጋር አይደለም፤ ጠርሙስ ራሱን አይሰብርም።

አንተ፣ ቅዳሜ ማታ መኪናህን አቁመህ የጠጣኸው። ጠርሙሱ እኮ ተመላሽ ነው። መያዣ ከፍለህበታል። አሥር እርምጃ ሄደህ ብትመልሰው ገንዘብህን ትቀበል ነበር። ባትፈልግ እንኳን ቁራሌው በየበሩ እየጮኸ የሚለምነው ዕቃ ነው። አንተ በመስኮት ወረወርከው። ሲሰበር የሳቅከውን ሳቅ መኝታ ቤቴ ሆኜ ሰምቼዋለሁ። እዚያች ቦታ ላይ ከትምህርት ቤት ሲመለሱ ልጆች በካልሲ ኳስ ይጫወታሉ። ጫማቸውን አውልቀው ነው የሚጫወቱት፣ ምክንያቱም ጫማው ጎል ነው። ያን ታውቃለህ፤ አንተም እንደዚያው ተጫውተሃል። ጎሕ ሳይቀድ መንገዱን የምትጠርገው ሴት የቀኝ እጅ ጓንቷ ጣቱ ጋ ተቀዷል። ከመጥረጊያው ያመለጠውን በእጇ ነው የምትለቅመው። ለእሷ ማን ነው ሰልፍ ቆሞ ፋሻ የሚገዛላት? ልጄ ቢሆን አትስቁም ነበር፤ ውሻ ስለሆነ ሳቃችሁ። እሺ ሳቁ። የሚቀጥለው ልጅ ነው።

ይቅርታ ክቡርነትዎ። ተመለስኩ።

የድሮውን ቂም አላነሣም። ባለፈው ክረምት የቀደዱትን ጎማ አላነሣም። አባቴ አጥራችን ላይ በሲሚንቶ የተከላቸው ዘመዶችዎ ከስንት ዓመት ወዲህ አንድ ሌባ እንዳላስቆሙ፣ ድመቱ ግን በመሐላቸው እየተሹለከለከ ቁርሱን በልቶ እንደሚመለስ፣ ይህንንም አላነሣም። ለወረዳው አመልክት ያሉኝ ነበሩ። የመታወቂያ ኮፒ፣ ማመልከቻ፣ «ኃላፊው ስብሰባ ላይ ናቸው»። ይቅርብኝ።

ትናንት ከሰዓት መጥረጊያ ይዤ ወጣሁ። ከግሮሰሪው በር እስከ መብራት ምሰሶው አንድ የወተት ጣሳ ሙሉ ወንድሞችዎን ለቀምኩ። ያለፈ ያገደመው ሁሉ «ከወረዳ ነህ?» ይለኛል። አንዱ እንዲያውም ስለ ውኃ መቋረጥ አቤቱታ አስገባልኝ። ጣሳውን በካርቶን ጠቅልዬ፣ «ስባሪ ነው፣ እጃችሁን» ብዬ በትልቁ ጽፌ ለቆሻሻ ሰብሳቢዎቹ አስቀመጥኩ።

እርስዎን ግን አልሰጥም። ጥበቃው ነገም በር ላይ ነው። ኮፍያውን ሲያወልቅ ቀፎውን ከፍቼ አሳየዋለሁ።

መቻል ዛሬ በሦስት እግር ተኩል ሄዷል። ይህን ስጽፍ ባልዲውን ጉልበቴ ላይ አስደግፎ ተኝቷል፤ ሲያንኮራፋ ባልዲው ያስተጋባል።

ከሰላምታ ጋር፣
የመቻል አባት
(በደረሰኙ መሠረት)

ግልባጭ፦
ለእናቴ
ለመሥሪያ ቤታችን ጥበቃ
ለመቻል፣ በባልዲው በኩል