የእሮብ እንቁላል

ባለፈው እሮብ፣ በጾሙ ቀን፣ ከስራ ስመለስ ገና ደረጃው ላይ ሆኜ ነው የሸተተኝ። እንቁላል። በቅቤ የተጠበሰ፣ ቃርያ የገባበት። የጎረቤት መስሎኝ ነበር፣ በሩን ስከፍት ግን የ17 አመቷ ልጄ ኪችን ውስጥ ቆማ ከነመጥበሻው እየበላች ነው፣ ዳቦ በአንድ እጇ ይዛ፣ ስልኳን የስኳር እቃው ላይ አስደግፋ ቲክቶክ እያየች። አየችኝ። አልደነገጠችም፣ ልትደብቀውም አልሞከረችም። "አባዬ ደህና ዋልክ" አለችኝና መብላቷን ቀጠለች።

እኔ በሷ እድሜ እንዲህ ባደርግ ምን እንደሚጠብቀኝ አውቀዋለሁ። በርበሬ ነው የምታጠነው። የኔ ዘመን ልጆች ማጋነን እንዳልሆነ ታውቃላችሁ፣ ከሰሉ ይቀርባል፣ በርበሬው ይበተናል፣ ጋቢ ትከናነባለህ፣ ከዛ በኋላ ያለውን ባልናገር ይሻላል። እኛ ቤት ሰባት አመት የሞላው ልጅ ይጾማል፣ እሁድ ከሌሊቱ 11 ሰአት ተነስቶ ቅዳሴ ይሄዳል፣ ሆዴን አመመኝ ማለት ራሱ አይሰራም ምክንያቱም መድሃኒቱ ጸበል ነው፣ ጸበሉ ደሞ ያለው እዛው ቤተክርስቲያን ነው።

ማታ ከእናቷ ጋር ተጨቃጨቅን። እናቷ ያለቀሰችው ግን ለልጅቷ ነፍስ ብቻ አልነበረም፣ ይሄን ስል ትቀየመኛለች ግን እውነት ነው፣ "ሰው ምን ይለናል" የሚለውም ነበረበት። ሰው የሚለውን ደሞ ሁላችንም እናውቀዋለን፣ "አሳዳጊ የበደለው"። ይሄን ስድብ ልብ ብላችሁ አይታችሁት ታውቃላችሁ? የሚሰደበው ልጁ ነው፣ የሚከሰሰው ግን አሳዳጊው ነው። ልጁ ራሱ የወሰነው፣ ራሱ የመረጠው ነገር ሊኖር እንደሚችል ስድቡ ውስጥ ቦታ የለውም።

የሚገርመው እኮ ስለ ነጻ ፈቃድ እንደኛ የሚያወራ የለም። አንድ ሰው "እግዚአብሔር ካለ ለምን ይሄ ሁሉ ክፋት" ብሎ ሲጠይቀን መልሱ ከአፋችን ላይ ነው ያለው፣ ሰው ነጻ ፈቃድ ተሰጥቶታል እንላለን፣ አዳም ዛፏ እያለችለት ነው የተፈጠረው እንላለን፣ መጽሐፈ ሲራክን እንጠቅሳለን፣ እሳትና ውሃ ቀርቦልሃል ወደ ወደድከው እጅህን ስደድ። ለፈጣሪ ጥብቅና ስንቆም ነጻ ፈቃድ ትልቅ ነገር ነው። ቤታችን ሲመጣ ግን እሳቱን አጥፍተን ውሃውን በግድ እናጠጣለን።

ከዛ ደሞ ምሳሌ 22፥6 ትመጣለች፣ "ልጅን በሚሄድበት መንገድ ምራው፥ በሸመገለም ጊዜ ከእርሱ ፈቀቅ አይልም"። ይቺን ጥቅስ ብዙ ወላጅ የሚያነባት እንደ ፍሪጅ ጋራንቲ ነው፣ እኔ ድርሻዬን ከተወጣሁ እቃው አይበላሽም፣ ከተበላሸ ደሞ የሆነ ቦታ አጥፍቻለሁ ማለት ነው። ግን ጥቅሷ ያለችው የምሳሌ መጽሐፍ ውስጥ ነው፣ የሰው ልጅ አብዛኛውን ጊዜ እንዴት እንደሚሆን የሚናገር የጥበብ መጽሐፍ እንጂ ውል አይደለም፣ እንደ ውል ካነበብነውማ መጽሐፍ ቅዱስ ራሱ ያፈርሰዋል።

ሊቀ ካህኑን ዔሊን እዩት። ስለ ልጅ አስተዳደግ ሲሰበክ የመጀመሪያው ተከሳሽ ዔሊ ነው። ልጆቹ አፍኒንና ፊንሐስ የመስዋዕቱን ስጋ ሶስት ጣት ባለው ሜንጦ ከድስቱ እያስወጡ ይወስዱ ነበር፣ እሱ ደሞ አልከለከላቸውም፣ እግዚአብሔርም ወቀሰው። ልክ ነው። ግን ሰባኪው የማይነግረን ሁለት ነገር አለ። አንደኛ፣ ሁለቱ ልጆች ጎረምሶች አልነበሩም፣ ካህናት ነበሩ፣ ህዝብ የሚዘርፉ ባለስልጣኖች፣ የዔሊ ጥፋት ከቦታቸው አለማንሳቱ ነው። ሁለተኛ፣ ነቢዩ ሳሙኤልም ያደገው እዛው ዔሊ እግር ስር ነው! ያው ሽማግሌ፣ ያው ቤት። ከዛ ሳሙኤል በተራው ኢዮኤልንና አብያን ወለደ፣ ቤርሳቤህ ላይ ፈራጆች አደረጋቸው፣ ጉቦ በሉ። ሳሙኤልን "መጥፎ አሳዳጊ" ብሎ የሚሰድበው ሰው እስካሁን አልሰማሁም።

ወደ እኛው አገር ስንመጣ ደሞ ቁጥሩ ራሱ ያወራል። በ1987ቱ የህዝብ ቆጠራ ፕሮቴስታንት ከመቶ 10 ገደማ ነበር፣ በ1999 ከመቶ 18 አለፈ፣ ኦርቶዶክስ ደሞ ከመቶ 50 ወደ 43 ተኩል ገደማ ወረደ። ማን ትክክል ነው ለማለት አይደለም፣ እኔ ኦርቶዶክስ ነኝ፣ ቁጥሩ ደስ አይለኝም። ግን ከነዚህ ሰዎች ብዙዎቹ የሆነ ቤት ልጆች ነበሩ፣ ክርስትና የተነሱ፣ ማተብ የታሰረላቸው። እኛ ሰፈር አንድ አባት ልጁ ጴንጤ ሆነ ተብሎ ፍራሹን አውጥቶ አጥር ላይ ሰቀለበት፣ ልጁ ፍራሹን ይዞ ሄደ፣ በቃ፣ አባትየው እስኪሞት አልተገናኙም። በዛኛው በኩል ያለ ወዳጄ ደሞ የፓስተር ልጅ ነው፣ ቸርች መሄድ ሲያቆም አባቱ ከመድረክ እንዲወርዱ ተደረገ፣ "ቤቱን ማስተዳደር የማይችል" ተብሎ። ልጁ ዛሬም አያምንም፣ አሁን ግን የአባቱ ውርደት እዳም ተጨምሮበታል።

በዚህ ጉዳይ ደጋግሜ የማስባት ሴት ሞኒካ ናት፣ በኋላ ትልቅ የቤተክርስቲያን መምህር የሆነው የአውግስጢኖስ እናት። ልጇ ቤተክርስቲያን ኑፋቄ የምትለውን የማኒን ትምህርት ተከትሎ ሲሄድ መጀመሪያ ከማእድዋ ከልክላው ነበር፣ እንደ ሰፈራችን ሰውዬ። ከዛ ሀሳቧን ቀየረች፣ መልሳ አስገባችው። አንድ ጳጳስ ጋር ሄዳ እባክህ አነጋግርልኝ ብላ ስትለምን እምቢ አላት፣ ተይው፣ ጸልዪለት፣ ራሱ እያነበበ ይደርስበታል አላት። እሷ ግን እንደ ማንኛውም የሀበሻ እናት አለቀቀችም፣ እያለቀሰች ስትወተውተው ተሰላችቶ ሂጂ፣ የዚህ ሁሉ እንባ ልጅ አይጠፋም ብሎ ሸኛት። ልጅየው ደሞ ወዳጄን ልሸኝ ነው ብሎ ዋሽቷት፣ እሷ በሌሊት ስትጸልይ ከካርታጎ በመርከብ ወደ ሮም ጠፋባት። ተከተለችው። በፈረንጆች አቆጣጠር በ387 ሚላኖ ላይ ሲጠመቅ አጠገቡ ነበረች፣ በዛው አመት ሞተች።

(ይሄው አውግስጢኖስ በኋላ ጳጳስ ሲሆን ከቤተክርስቲያን የተለዩትን በመንግስት ጉልበት ማስመለስ ይገባል ብሎ መከራከሩ ነው የሚያናድደኝ። ለራሱ የተሰጠውን ጊዜ ለሌላው ነፈገ። ወላጅ ስንሆን እኛም እንደዛው ነን መሰለኝ።)

"ታድያ ልቀቃት ነው የምትለው?" ትለኛለች እናቷ። አይደለም። እኛ ቤት በጾም ስጋ አይሰራም፣ ይሄ የቤቱ ህግ ነው፣ እንቁላሉንም ነግሬያታለሁ፣ ውጪ ብዪ፣ እናትሽ የምታበስልበት መጥበሻ ላይ ግን አይሆንም ብያታለሁ፣ ተስማምታለች፣ ፊቷን አጨፍግጋም ቢሆን። ልጅን ማስተማር ግዴታዬ ነው፣ ህገ መንግስቱም አንቀጽ 27 ላይ ወላጅ ልጁን በራሱ እምነት የማሳደግ መብት አለው ይላል፣ ከሱ በፊት ባለው ንኡስ አንቀጽ ደሞ ማንንም በእምነቱ ማስገደድ አይቻልም ይላል፣ ልጅ 17 አመት ሲሞላው ሁለቱ መብቶች አንድ ቤት ውስጥ እንዴት እንደሚኖሩ ግን እኛው እንድንፈታው ትቶታል።

እኔ በፍጹም የማላደርገው ማስቆረብ ነው። እናቷ ለፍልሰታ ቁረቢ ብላ ስትጫናት የተቃወምኩት ለዚህ ነው። በቤተክርስቲያናችን ትምህርት ሳይገባው የሚቀበል ፍርድን ነው የሚቀበለው፣ የማታምነውን ልጅ ለጎረቤት አይን ስንል እየገፋን መውሰድ እሷን ማዳን ነው ወይስ ራሳችንን? የንስሐ አባታችንን ጠየቅናቸው፣ ቡናቸውን ጠጥተው ጨረሱና "ተዋት፣ ደጁን ግን አትዝጉባት" አሉ፣ እናቷ ብዙም አልተደሰተችም።

በ80 ቀኗ ክርስትና ስትነሳ ትዝ ይለኛል። የክርስትና እናቷ ታቅፋት ወደ ምእራብ ዞራ "እክህደከ ሰይጣን"፣ ሰይጣን ሆይ እክድሃለሁ፣ አለችላት፣ ከዛ ወደ ምስራቅ ዞራ አምናለሁ አለችላት። እሷ ተኝታ ነበር። ያን ቃል በራሷ አፍ የምትለው ወይ የማትለው አሁን ነው፣ እኔ ልልላት አልችልም፣ የክርስትና እናቷም ደግማ ልትልላት አትችልም።

እሁድ ከሌሊቱ 11 ሰአት ነጠላዬን ለብሼ ስወጣ በሯን አንዴ አንኳኳለሁ፣ "እየሄድኩ ነው" እላለሁ፣ "እሺ አባዬ" ትላለች፣ ትተኛለች። ሁለተኛ የምታንኳኳው እናቷ ናት።