«ለእኔ ብቻ ሹክ በይኝ» አንበል

ወገኖቼ፣ ዛሬ የምቆጣው ሐኪሞችን አይደለም። ራሳችንን ነው።

አብሮ አደጌ ጤና ጣቢያ ላብራቶሪ ውስጥ ትሠራለች። አንድ ቀን ቤቷ ቡና እየጠጣን ስልኳ ጮኸ። አክስቷ ናቸው። ልጃቸው ሊያገባ ነው። «ልጅቷ እናንተ ጋ ነው አሉ የተመረመረችው። ለእኔ ብቻ ሹክ በይኝ።» እሷም ረጋ ብላ «አክስቴ፣ እሷኑ ይጠይቋት» አለቻቸው። ተቀየሟት። ሠርጉንም አልጠሯትም።

ለመሆኑ ያጠፋው ማን ነው? የ1996ቱ የወንጀል ሕግ አንቀጽ 399 የጤና ባለሙያ በሥራው ያወቀውን ምስጢር ቢያወጣ፣ ታካሚው ከከሰሰው ይቀጣል ይላል። ታካሚው ራሱ ከፈቀደ ወይም ፍርድ ቤት ካዘዘ ሌላ ነገር ነው። በ2016 የወጣው የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅም የጤና መረጃን በተለየ ጥንቃቄ ከሚያዙት መድቦታል። እኛ ግን ዘመድን «ሕግ ጣሽልኝ» ስንል እንደ ውለታ እንቆጥረዋለን። እምቢ ስትል «ኮራች» እንላለን።

የእናት ስጋት ይገባኛል። መፍትሔው ግን ቅርብ ነው፤ ሙሽሮቹ አብረው ይመርመሩ፣ ውጤቱንም አብረው ይስሙ።

ድንገተኛ ክፍል በር ላይ ስልክ አውጥታችሁ የምትቀርጹም አላችሁ። ቃሬዛ ላይ ያለው ሰው ልብሱ ተቀዶ፣ ራሱን ስቶ ነው። አትቅረጹኝ ማለት አይችልም። እባካችሁ፣ ስልካችሁን ኪስ ክተቱ።

አንዲት የማውቃት ሴት አለች። ፈቅዳልኝ ነው የምጽፈው፤ ሰፈሯን ግን አልናገርም። የኤችአይቪ መድኃኒቷን የምትወስደው ከሌላ ከተማ ነው። ጤና ጣቢያው ከቤቷ በእግር አምስት ደቂቃ አይሞላም። «የሰፈር ሰው ይሠራበታል» ትላለች። በቀጠሮዋ ቀን ሌሊት ተነስታ አውቶቡስ ትይዛለች። ይህ መድኃኒት ደግሞ መቆራረጥ አይወድም፤ ከተቆራረጠ ቫይረሱ ይለምደዋል።

«በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም» እንላለን። እሷ ለሐኪም አልደበቀችም። የደበቀችው ከእኛ ነው። ባለፈው ቀጠሮዋ የመሳፈሪያ አጥታ አሥር ቀን ዘግይታለች።