ለጉንፋን ሴፍትሪአክሶን የሚባለውን አንቲባዮቲክ መርፌ የምትጽፉ ሐኪሞቻችን፣ ኧረ ተዉ!

የባህር ዳር ዶክተሮች፣ ጤና መኮንኖች፣ ክሊኒክ ከፍታችሁ ምትሰሩ ሁሉ፣ ዛሬ ፍርጥ አድርጌ ልናገር ነውና አትቀየሙኝ። ፋርማሲ ውስጥ ነው ምውለው፣ ምትጽፉት ወረቀት ዞሮ ዞሮ እኛ እጅ ነው ሚገባው። ትኩሳት የሌለው፣ ንፍጡ ገና ውሀ የሆነ ህጻን፣ መስኮቱ ስር ቆሞ ብስኩት እየበላ፣ አዚትሮማይሲን ሚባል አንቲባዮቲክ ሲረፕ ታዞለት ይመጣል። ጉንፋን በቫይረስ ነው፣ አንቲባዮቲክ ቫይረስን አይነካም፣ ይሄን ለናንተ ማስረዳት የኔ ስራ ነው እንዴ?

ታይፎይድና ታይፈስ ሚባለው ነገርማ አይወራ። ራሱን ያመመውና የደከመው ሁሉ ዊዳል ሚባል የደም ምርመራ ይሰራለታል፣ ውጤቱ 1 ለ 80 ወይ 1 ለ 160 ይወጣል፣ በቃ ታይፎይድ ተባለ፣ ሲፕሮ ሚባል አንቲባዮቲክ ይጻፍለታል ካልሆነም መርፌ። ምርመራው ከድሮ ኢንፌክሽን የቀረ አንቲቦዲ (ሰውነት በሽታን ለመከላከል ሚሰራው ነገር) ስለሚያነብ ጤነኛ ሰው ላይም ፖዘቲቭ ሊወጣ እንደሚችል እያወቃችሁ። ሰፈር ውስጥ «ታይፎይዴ ተነሳብኝ» እያለ በአመት ሦስት አራቴ ሚታከም ሰው ሞልቷል፣ ይሄን ሰው ማን ፈጠረው?

በሽተኛው ካልተጻፈለት ይቆጣል ትላላችሁ፣ ልክ ናችሁ። ከደቅ ደሴት በጀልባ ሲንገላታ የመጣ ሰው «ውሀ ጠጣ፣ እረፍ፣ ይለቅሃል» ቢባል «ለዚ ነው እንዴ ካርድ ያወጣሁት» ማለቱ አይቀርም። ባለ ክሊኒኩም ደንበኛ ባዶ እጁን እንዲሄድ አይፈልግም፣ ካልቸር (ባክቴሪያውን አሳድጎ ሚለየው ምርመራ) ደግሞ ብዙ ቦታ የለም፣ ቢኖርም ሁለት ሦስት ቀን ይፈጃል። ሁሉም እውነት ነው፣ ግን ከማስረዳት መጻፍ ስለሚቀል ሚጻፈውም ጥቂት አይደለም።

እዳውን ሚከፍለው ሌላ ሰው ነው። ማጅራት ገትር ይዞት ሌሊት ኢመርጀንሲ ሚገባ ልጅ ተስፋው ያው ለጉንፋን ምትበትኑት ሴፍትሪአክሶን ነው። ባክቴሪያው መድሃኒቱን ከለመደው ቀጥሎ ሜሮፔነም ሚባል ሌላ አንቲባዮቲክ ፍለጋ ነው፣ ዋጋውን ታውቁታላችሁ፣ እሱም ከተገኘ! በ2019 እ.ኤ.አ. ብቻ መድሃኒት በተላመዱ ባክቴሪያዎች በቀጥታ የሞተው ሰው በአለም ላይ ወደ 1.27 ሚሊዮን ይገመታል። የአለም ጤና ድርጅትም አሞክሳሲሊንን ቀድመው ከሚታዘዙት፣ አዚትሮማይሲንና ሴፍትሪአክሶንን ግን ቁጥብ ሊባልባቸው ከሚገቡት መድቦ ያስቀመጠው ለጌጥ አይደለም።

(ያለ ማዘዣ ሚሸጡት የኛ ሙያ ሰዎች አልተረሱም፣ የነሱ ጉድ ለብቻው ይጻፋል።)

እና እባካችሁ፣ ማዘዣው ላይ የበሽታው ስም ሚሞላበት ቦታ አለ አይደል፣ ባዶውን ነው ምትልኩልን፣ ሙሉት። «ጉንፋን» ብሎ ጽፎ ከስሩ የሴፍትሪአክሶን መርፌ ለማዘዝ እጅ ራሱ ያፍራል። ግራ ገብቶን ስንደውልላችሁም «ሐኪሙ አንተ ነህ ወይስ እኔ» እያላችሁ ስልክ አትዝጉብን።